ላባዋን የጣለች ዶሮ

ዶሮ የሚያረባ ሰው ሁሉ ከዓመቱ በአንደኛው ቀን ማለዳ የዶሮ ቤቱን በር ሲከፍት ወለሉ በላባ ተሸፍኖ ያገኘዋል። ትናንት አምራ የነበረችው ዶሮ አንገቷ ተመልጦ፥ ጅራቷ ረግፎ፥ ጥግ ይዛ ቆማ ትታያለች። እንቁላል መጣሏንም ካቆመች ቀናት አልፈዋል። በዚህ ጊዜ ከባለቤቶች ብዙዎቹ ዶሮዋ ታማለች ወይም አርጅታለች ብለው ይፈርዱባትና በሚቀጥለው የገበያ ቀን እግሯን አስረው ይወስዷታል። መልኳ ዋጋዋን ስለሚያወርደው በቅናሽ ትሸጣለች፤ ገዢ ካልተገኘም ለቤት ወጥ ትታረዳለች። ከአጠገቧ የቆመችው፥ ላባዋ የሚያብረቀርቀውና ዓመቱን ሙሉ አምራ የምትታየው ባልንጀራዋ ግን ለርቢ ትቀመጣለች።

ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የተገለበጠ ነው። የበላችውን ምግብ ሳታቋርጥ ወደ እንቁላል የለወጠች ዶሮ ላባዋ ያረጃል፥ ጫፉ ይሰባበራል፥ በመጨረሻም በአንድ ጊዜ ይረግፋል። እንቁላል የማትጥለው ግን ለመልኳ የምታውለው ትርፍ ምግብ አላት። ስለዚህ የትኛዪቱን አስቀርቶ የትኛዪቱን መሸጥ እንደሚገባ ለመለየት የላባን መጣል ምክንያትና ሥርዐት ማወቅ ያስፈልጋል። የአገር ዶሮ በዓመት ከ30 እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል ብቻ በምትጥልበት አገር፥ ካሉት አምስት ስድስት ዶሮዎች መካከል ብልጫ ያላትን አንዲቱን በስሕተት ማረድ ለአንድ ቤት ቀላል ጉዳት አይደለም።

ላባ መጣል ምንድር ነው?

ላባ መጣል በሽታ አይደለም። አዕዋፍ ሁሉ ያረጀ ላባቸውን በየጊዜው እያራገፉ በአዲስ ይተካሉ። ጫጩትም ስትፈለፈል ለብሳው የወጣችውን ለስላሳ ጠጕር በላባ ትለውጣለች፤ ቄብ እስክትሆን ድረስም ደጋግማ ትቀይራለች። ነገር ግን ይህ ሁሉ እንቁላል ከመጀመሯ በፊት ስለሚፈጸም የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው። ባለቤትን የሚያሳስበው እንቁላል ከጀመረች ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ የሚመጣው ትልቁ ለውጥ ነው። በዚህ ጊዜ ላባው የሚረግፈው በተራ ነው፤ በመጀመሪያ የራስና የአንገት፥ ቀጥሎ የደረትና የገላ፥ በመጨረሻም የክንፍና የጅራት ይረግፋል።

እንቁላልና ላባ አብረው የማይሄዱበትን ምክንያት በሒሳብ ማስረዳት ይቻላል። የዶሮ ላባ ከክብደቷ አምስት በመቶ ያህል ይሆናል። አንድ ኪሎ ተኩል የምትመዝን ዶሮ ወደ 75 ግራም የሚጠጋ ላባ ለብሳለች ማለት ነው። ከዚህም ውስጥ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ፕሮቲን ነው። በአንድ እንቁላል ውስጥ 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ስላለ፥ ዶሮዋ ልብሷን በሙሉ ለመለወጥ የምታወጣው ፕሮቲን ከ10 ወይም ከ11 እንቁላል ጋር የሚተካከል ነው። በዚያውም ላይ ላባ የሚሠራው ድኝ ካለበት የፕሮቲን ዐይነት ስለ ሆነ ከማንኛውም እህል እንደ ልብ አይገኝም። የተራቈተ ገላዋንም በደጋ ሌሊት ብርድ ለማሞቅ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል። እንግዲህ ሁለቱን ሥራ ባንድነት እንድትሠራ መጠበቅ የማይሆን ነው።

በሆዷ ውስጥ የሚሆነውን የዶሮ ብልት የሚያወጡ ባለሙያ ሴቶች ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። እንቁላል በመጣል ላይ ያለች ዶሮ ስትታረድ በሆዷ ውስጥ ከምስር ፍሬ ጀምሮ እስከ ሙሉ አስኳል የሚደርሱ ቢጫ እንክብሎች እንደ ወይን ዘለላ ተያይዘው ይገኛሉ፤ እንቁላሉ ነጩንና ቅርፊቱን የሚለብስበትም ቧንቧ ከግማሽ ሜትር ይበልጣል። ያንን ዘለላ አይታ «ምነው ባላረድኋት!» ያላለች የቤት እመቤት ጥቂት ናት። ላባዋን በመጣል ላይ ባለችው ዶሮ ግን ዘለላው ተኮማትሮ ፍሬዎቹ እንደ ጤፍና እንደ ምስር ብቻ ሆነው ይታያሉ፤ ቧንቧውም ቀጥኖና አጥሮ ይገኛል። ይህ የእርጅና ምልክት አይደለም፤ ዕረፍት ነው። ከዕረፍቱ በኋላ ዘለላው እንደ ገና ያፈራል፤ ቧንቧውም ታድሶ ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነ እንቁላል ያወጣል።

ጊዜው መቼ ነው?

በአውሮፓና በአሜሪካ የተጻፉ የዶሮ አረባብ መጻሕፍት ዶሮ ላባዋን የምትጥለው ክረምታቸው ከመግባቱ በፊት፥ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ነው ይላሉ። ለአገራቸው ትክክል ነው። ዶሮ የቀኑን ርዝመት የምትለካው በዐይኗ ብቻ ሳይሆን በራስ ቅሏ አልፎ ወደ አንጎሏ በሚደርሰው ብርሃን ጭምር ነው፤ ቀኑ እያጠረ ሲሄድ እንቁላል የሚያስጥለው የሰውነት ቅመም ይቀንስና የላባው ለውጥ ይጀምራል። በሎንዶን ከተማ ረጅሙ ቀን ከ16 ሰዓት ተኩል በላይ ሲሆን አጭሩ ከ8 ሰዓት ያንሳል። በአዲስ አበባ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ወደ ሰሜን ርቃ በምትገኘው በአስመራ እንኳ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ በእነዚህ አገሮች የዶሮን ላባ መጣል ከወር ቆጠራ ጋር ማያያዝ ብዙ አይረዳም። በአንድ ግቢ ያሉ ዶሮዎች አንዲቱ በኅዳር፥ ሁለተኛዪቱ በሚያዝያ ላባቸውን ሊጥሉ ይችላሉ። ቀኑ የሚቈጠረው እያንዳንዷ እንቁላል ከጀመረችበት ጊዜ አንሥቶ ነው። ይህንንም ለማስታወስ ቄቢቱ የመጀመሪያ እንቁላሏን በጣለች ሰሞን በእግሯ ላይ ባለ ቀለም ክር አላልቶ ማሰርና ወሩን መጻፍ ይበቃል። ዋጋ የሌለው ሥራ ነው፤ ጥቅሙ ግን ከዚህ በታች ይታያል።

የቀኑ ማጠር እምብዛም በማይታይበት አገር ላባን ያለ ጊዜው የሚያስጥለው በአብዛኛው የአያያዝ ጉድለት ነው። ከሁሉም የከፋው የውኃ መቋረጥ ነው። ከእንቁላል ሁለት ሦስተኛው ያህል ውኃ ነው፤ እንቁላል ጣይ ዶሮም በቀን እስከ ሩብ ሊትር ትጠጣለች። አንድ ቀን ሙሉ ውኃ ያጣች ዶሮ ወደ ቀድሞ እንቁላሏ ለመመለስ ሳምንታት ሊፈጅባት ይችላል፤ ለአንድ ቀን ተኩል ካጣች ደግሞ ላባዋን ልትጥል ትችላለች። ባለቤቱ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ወደ ሌላ አገር ሄዶ በተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት ዶሮዎቹ ሲመለጡ ቢያይ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልገውም። የምግብ ድንገተኛ መጓደል፥ ከቤት ወደ ቤት መዛወር፥ የውሻና የሸለምጥማጥ ድንጋጤ፥ ከበሽታ መዳንም እንዲሁ ያደርጋል።

መታቀፍም ከዚህ ይቈጠራል። የአገር ዶሮ ከ12 እስከ 18 እንቁላል ከጣለች በኋላ ትታቀፋለች፤ 21 ቀን ተቀምጣ፥ ጫጩቶቿንም ለወራት መርታ እስክታሳድግ ድረስ እንቁላል የለም። በተቀመጠችበት ጊዜ የምትበላው ጥቂት ስለ ሆነ ትከሳለች፤ ላባዋም ይሳሳል። ጫጩት የማይፈለግ እንደ ሆነ መታቀፏን ለማስተው በብዙ አገር ዶሮዋን ቍልቍል መስቀል፥ ውኃ ውስጥ መንከር፥ በአፍንጫዋም ላባ መሰካት ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ሥቃይ ብቻ ነው፤ ሥቃዩም ራሱ እንቁላሉን ያዘገየዋል። የሚሻለው ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ በተሠራ፥ ሥሩ ርብራብ በሆነ ከፍ ያለ ሳጥን ውስጥ ከምግብና ከውኃ ጋር ከሦስት እስከ አምስት ቀን ማቈየት ነው። ከሥር የሚገባው ነፋስ ደረቷን ሲያቀዘቅዘው የመታቀፍ ፍላጎቷ ይጠፋል።

ላባ ሲረግፍ ሁሉ ላባ መጣል ነው ማለት ግን አይደለም። ጀርባዋ ብቻ የተመለጠባት ዶሮ የአውራ ዶሮ መውጣት የጎዳት ልትሆን ትችላለች። በእንቁላል መውጫዋ አካባቢ የተመለጠች ደግሞ ባልንጀሮቿ የሚነክሷት ወይም ቅማልና ቅንቅን የሰፈረባት መሆንዋን ለማወቅ ላባውን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። መለያው ቀላል ነው፤ በእውነት ላባዋን የምትለውጥ ዶሮ ከተመለጠው ቆዳ ላይ አዲሱ ላባ በሽፋን ተጠቅልሎ እንደ እሾህ ብቅ ብቅ ብሎ ይታያል። ዶሮዎቹ አንገታቸው እየተጣመመ፥ እየተነፋረቁና አረንጓዴ እየቀዘኑ በአንድ ጊዜ ቢታመሙ ግን ያ ፈንግል ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ለእንስሳት ሐኪም መንገር ነው።

ክንፍን ስለ ማንበብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ጥሩዋን ጣይና ሰነፊቱን ለመለየት ከሁሉ የበለጠ ምስክር ክንፍ ነው። ዶሮዋን በምሽት ከቆጧ ላይ ቀስ ብሎ አውርዶ፥ በብብት ይዞ፥ አንዱን ክንፍ በመብራት ፊት መዘርጋት ነው። በክንፉ መካከል ከሌሎቹ ሁሉ ያጠረች አንዲት ላባ ትታያለች። ከእርስዋ ወደ ገላ በኩል ያሉት ለጊዜው አያስፈልጉም፤ ከእርስዋ ወደ ውጭ፥ ወደ ክንፉ ጫፍ በኩል ያሉት ታላላቅ ላባዎች ግን በልማድ 10 ናቸው። ላባ መጣሉ የሚጀምረው ለአጭሪቱ ቅርብ ከሆነችው ነው፤ ከዚያ በተራ ወደ ጫፉ ይሄዳል።

አሮጌው ላባ የደበዘዘ፥ ጠርዙ የተበላ፥ አገዳውም የደረቀ ነው። አዲሱ ሰፋ ያለና የሚያብረቀርቅ ሲሆን አገዳው ገና ለስላሳ ነው። አንዲት ላባ ከወደቀች በኋላ ምትኳ ሙሉ ቁመቷን እስክታገኝ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ግን ሁለት ሦስተኛውን ታድጋለች። ይህን የሚያውቅ ሰው በላባዎቹ ርዝመት ብቻ ዶሮዋ ከስንት ሳምንት በፊት እንደ ጀመረችና ምን ያህል እንደሚቀራት ሊገምት ይችላል።

ምሥጢሩ ያለው በአጣጣሉ ነው። ሰነፊቱ ዶሮ አንዲቱን ጥላ፥ ሁለት ሳምንት ቆይታ ሁለተኛዪቱን፥ እንደ ገና ሁለት ሳምንት ቆይታ ሦስተኛዪቱን ትጥላለች። በዚህ አካሄድ ለመጀመሪያዪቱ ስድስት፥ ለቀሩት ዘጠኙ በየሁለት ሳምንቱ ሲቈጠር ዐሥራ ስምንት፥ በጠቅላላው 24 ሳምንት ይሆናል፤ ይህም አምስት ወር ተኩል ማለት ነው። ይህን ያህል ጊዜ ሁልጊዜ ጥቂት ላባ ብቻ ስለሚጎድላት መልኳ አይበላሽም፤ እንቁላል ግን የለም፤ ወይም እምብዛም ነው። ጥሩዋ ዶሮ አራቱን አንድ ጊዜ፥ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስቱን፥ ከዚያም የቀሩትን ሦስቱን ብትጥል በ10 ሳምንት ትፈጽማለች። በዚያ ጊዜ የምትታየው ግን እጅግ የተጎሳቈለች ሆና ነው። ባለቤቱ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ አንዲቱ በአምስት ወር የምታከናውነውን ሌላዪቱ በሁለት ወር ተኩል ስለ ጨረሰች ይቀጣታል።

በእግር ላይ የታሰረው ክር የሚጠቅመው አሁን ነው። እንቁላል ከጀመረች ገና በስድስትና በሰባት ወሯ ያለ ርሃብ፥ ያለ በሽታ፥ ሳትታቀፍም ላባ መጣል የጀመረች ዶሮ ተፈጥሮዋ ሰነፍ ነው፤ ጫጩትም ከእርስዋ ማስፈልፈል አይገባም። ዓመት ወይም ዓመት ከሁለት ወር ጥላ በመጨረሻ የተመለጠችዋ ግን የቤቱ ሀብት ናት።

ከክንፍ ሌላ በእጅና በዐይን የሚመረመሩ ምልክቶች አሉ። እንቁላል በመጣል ላይ ያለች ዶሮ በራሷ ላይ ያለው የሥጋ አክሊል ቀይና ሞቃት ነው፤ ያቆመችዋ ተጨምድዶና ገርጥቶ ይታያል። ከእንቁላል መውጫዋ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች በምትጥለው ዶሮ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያስገባሉ፤ በማትጥለው ግን ከአንድ ጣት አያልፉም። ቆዳቸው ቢጫ የሆነ ዶሮዎች ሲጥሉ ቢጫው ከመውጫው፥ ከዐይን ዙሪያ፥ ከአፍና በመጨረሻም ከእግራቸው እየጠፋ ይሄዳል፤ ሲያቆሙ በዚያው ተራ ይመለሳል። እንግዲህ እግሯ እጅግ ቢጫ የሆነችውን ዶሮ ወፍራምና ጤነኛ ናት ብሎ ለእንቁላል የሚገዛ ሰው ብዙ ቀን ያላስቈጠረ እንቁላል ቢመኝ ሳያገኝ ይቀራል።

ምግቧና አያያዟ

ላባዋን በመለወጥ ላይ ያለችው ዶሮ እንቁላል ስለማትጥል ምግብ አያስፈልጋትም የሚለው አሳብ ዕረፍቱን ያስረዝመዋል። በቆሎና ገብስ ብቻ ሆዷን ይሞላሉ እንጂ ላባ አይሠሩም። ከዘይት መጭመቂያ የሚገኝ ፋጉሎ ሊጨመርላት ይገባል፤ በተለይ የሰሊጥ ፋጉሎ ለላባ የሚያስፈልገው ድኝ ያለበት ፕሮቲን በብዛት ስላለው ከኑግ ፋጉሎ ጋር ተቀላቅሎ ቢሰጣት እጅግ ይረዳታል። ጎመንና ሌላ ለምለም ቅጠል፥ ከአዝመራው ሥር የሚገኘው ትልና ምስጥም ለእርስዋ ሥጋዋ ነው። የእንቁላል ቅርፊት የሚሰጣት ከሆነ ተቈልቶና ደቆ እንደ ዱቄት ሆኖ ይሁን፤ እንዲያው ተሰብሮ ቢሰጣት መልኩን ታውቀውና የራሷን እንቁላል መብላት ትለምዳለች። አዲስ የሚበቅለው ላባ በውስጡ ደም ስላለው ሲነካ ያማል፤ በዚህ ጊዜ አለመያዝና አለማሯሯጥ መልካም ነው።

በኢትዮጵያ የእንቁላል ዋጋ ከጾም ጋር እንደሚወርድና ከፍስክ ጋር እንደሚወጣ የታወቀ ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ይህም የጥሩ ዶሮ ዕረፍት ከሚፈጀው ጊዜ ብዙ አይርቅም። ዕረፍቷ በጾሙ የደረሰላት ዶሮ ባለቤቷን የምትጎዳው እጅግ ጥቂት ነው። ግን ባለቤቱ ቢጾም ዶሮዋ መጾም አይገባትም፤ በጾም ወራት ገበያው ቀዝቅዟል ተብሎ ምግቧ ከተቀነሰ ለፋሲካ የሚጠበቀው እንቁላል በሰኔ ይመጣል።

በቢሾፍቱና በሌሎች ስፍራዎች በሺሕ የሚቈጠሩ የውጭ ዘር ዶሮዎች የሚይዙ ሰዎች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ዶሮዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ላባቸውን ጥለው በአንድ ጊዜ ወደ እንቁላል እንዲመለሱ ማድረግ ይቻላልን? ይቻላል። ድሮ በውጭ አገር ይህን የሚያደርጉት ምግብን ለብዙ ቀናት በመከልከል ነበር። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ የተደረጉ ምርመራዎች የተራበች ዶሮ የሳልሞኔላ በሽታ በቀላሉ እንደሚይዛትና ለሌሎችም እንደምታስተላልፍ አሳዩ። የዶሮዎቹ ሥቃይም ብዙ ሰው አስቈጣ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አስርቦ ላባ ማስጣል የተከለከለ ሆነ፤ በአሜሪካም የእንቁላል አምራቾች ማኅበር ከ2006 ጀምሮ በደንቡ አስቀርቶታል። በምትኩ የተገኘው ዘዴ ከስንዴ ወፍጮ የሚወጣውን ፉርሽካ ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከጥቂት ጨው ጋር ለአራት ሳምንት ያህል እንደ ልባቸው እንዲበሉ መስጠትና የመብራቱን ሰዓት መቀነስ ነው። ሆዳቸው ይሞላል፤ ኀይል ግን ስለሚያንሳቸው እንቁላሉን ትተው ላባቸውን ይለውጣሉ። ይህም ቢሆን ለተከተቡና ለጤነኞች ብቻ ነው፤ ክብደታቸውም ከሩብ በላይ እንዳይወርድ በየሳምንቱ ጥቂቶቹን መመዘን ያሻል። በጓሮ አራትና አምስት ዶሮ ለያዘች ሴት ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልጋትም።

አሮጊቱን አሳርፎ ማቈየት ይሻላል ወይስ አስወግዶ ቄብ መተካት? የሚለውን እያንዳንዱ በአካባቢው ዋጋ ማስላት አለበት። ዶሮ በ10 ሳምንት ዕረፍቷ በቀን 80 ግራም ብትበላ ወደ 5 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ቄብ ከጫጩትነቷ ጀምሮ እንቁላል እስክትጥል ድረስ ወደ 7 ኪሎ ትበላለች፤ በዚህ ላይ የጫጩቷ ዋጋ፥ የክትባቱና በመካከል የሚሞቱት ይጨመራሉ። በሌላ በኩል ዕረፍቷን ፈጽማ የተመለሰች ዶሮ ከመጀመሪያው ዓመቷ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያነሰ እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ግን ተለቅ ያለ ነው። መኖ በተወደደበትና ጫጩት በማይገኝበት ስፍራ ጥሩዋን አሳርፎ ማቈየት ያዋጣል። ለሁለተኛ ጊዜ ላባዋን የጣለችዋን ግን ማቈየት እምብዛም አይጠቅም፤ ለፋሲካ ትሁን።

አዲሱ ላባ በተፈጸመ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የራሷ አክሊል መቅላት ይጀምራል፥ ድምፅዋም ይለወጣል፥ እንቁላል የምትጥልበትንም ስፍራ እየዞረች ትፈልጋለች። የመጀመሪያው እንቁላል በተገኘ ቀን በእግሯ ላይ ያለው ክር ተፈትቶ በሌላ ቀለም ክር ይተካል፤ ወሩም እንደ ገና ይጻፋል።